የአሮጌ ሞዴል አውሮፕላን ሽፋን ማጽዳትና ማደስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለዓመታት ቁም ሳጥን ላይ የከረመ ሞዴል አውሮፕላን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በተቀመጠበት ዘመን ሳይሆን በወረደበት ቀን ነው። ያወረደው ሰው ጨርቅ አሴቶን ውስጥ ነክሮ ክንፉን ሲጠርግ ቀለሙ ጨርቁ ላይ፣ ወረቀቱ ጣቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሽፋኑ ከምን እንደተሠራ ሳታውቁ አሟሚ ፈሳሽም ካውያም አታስጠጉ። ከታች ያሉት መልሶች በሙሉ የሚነሱት ከዚህ ነው።

ሽፋኑ ምን እንደሆነ በምን ልለይ?

የሚያጋጥማችሁ ከሦስት አንዱ ነው። የመጀመሪያው ስስ ወረቀት ነው። ሞዴል ሠሪዎች ቲሹ ይሉታል፤ ከሶፍት ጋር ግን ዝምድና የለውም። ቃጫው ረጅም የሆነ፣ በካሬ ሜትር 12 ግራም ገደማ የሚመዝን የጃፓን ወረቀት ነው። ሁለተኛው የሐር ወይም የናይለን ጨርቅ ነው፤ ወደ መስኮት ከፍ ስታደርጉት ድርና ማጉ ይታያል። ሁለቱም የሚቀቡት ዶፕ ነው። ዶፕ ከሴሉሎስ የሚሠራ ላኬር ሲሆን ሲደርቅ እየተኮማተረ ወረቀቱን እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጥረዋል። ሦስተኛው በካውያ የሚለጠፍ የፕላስቲክ ፊልም ነው፤ ሞኖኮት፣ ኦራከቨርና ሶላርፊልም የታወቁት ናቸው። ፊልም የሚያብለጨልጭ ለስላሳ ገጽ አለው፤ ሁለት ቁራጭ በተደራረበበት ቦታ ላይ ጥፍር ስታሳልፉ ጠርዙ ይሰማችኋል።

የሞዴሉ ዕድሜም ብዙ ይናገራል። በካውያ የሚለጠፍ ፊልም የተስፋፋው በፈረንጆች 1960ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የተሸፈነና ሽፋኑ ያልተቀየረ ሞዴል ከሆነ ዶፕ የተቀባ ነው ብላችሁ ተነሡ። ዶፕ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ናይትሬትና ቢዩቲሬት። የሬይ አርደን ግሎው ፕላግ፣ ነዳጁን በጋለ ሽቦ የሚያቀጣጥለው ትንሽ ዕቃ፣ በ1947 ገበያ ላይ ከወጣ በኋላ የትንንሽ ሞተሮች ነዳጅ ሜታኖል ሆነ። ሜታኖል ደግሞ ናይትሬት ዶፕን ያለሰልሳል። በዚህ ምክንያት ነው ሞተር ያላቸው ሞዴሎች ቢያንስ የላይኛው ንብርብራቸው ወደ ቢዩቲሬት የዞረው።

ርግጠኛ ለመሆን ክንፉ ከአካሉ ጋር በሚጋጠምበት፣ ሲገጠም በማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩ። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጫፍ በአሴቶን አርጥባችሁ አስነኩና 5 ሰከንድ ጠብቁ። ከለሰለሰና ጥጡን ከያዘው ዶፕ ነው። ምንም ካልሆነ ፊልም ነው፣ ወይም ላዩ ኤፖክሲ ወይም ፖሊዩሬቴን ቀለም ተቀብቷል። ሙከራውን የፊልም ጠርዝ ላይ አታድርጉት። ሞኖኮት ቀለሙ ያለው ከፕላስቲኩ ሥር፣ ሙጫው ውስጥ ነው፤ አሴቶን በጠርዙ ከገባ ቀለሙን ይዞት ይወጣል።

አቧራ ብቻ ነው ያለበት። በምን ልጥረገው?

መጀመሪያ በደረቁ። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይዛችሁ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ ጠርዝ ጥረጉ። አቧራ ደቃቅ አሸዋ ስላለበት እርጥብ ጨርቅ ቀድሞ ከደረሰ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ከዚያ በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ 3 ወይም 4 ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩ፤ ጨርቁን ውሃ እስከማይንጠባጠብ ድረስ ጨምቁና ጥረጉ፤ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ተከተሉ። ወረቀት ከሆነ ግን ቀዳዳና ስንጥቅ ባለበት አካባቢ ውሃ አታስጠጉ። ዶፕ ያልነካው የተቀደደ ጠርዝ ውሃ መጥቶ ይላላል፣ ሲደርቅ ደግሞ ተኮማትሮ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ስትጠርጉ ሁልጊዜ ሌላው እጃችሁ ከሥር ሪቡን፣ ማለትም ሽፋኑን የተሸከመውን የክንፉን የእንጨት አጥንት፣ ይደግፍ። ያረጀ ወረቀት የሚቀደደው በጨርቁ ሳይሆን በአውራ ጣት ግፊት ነው።

ከሞተሩ ኋላ ያለው ቡናማና የሚያጣብቅ ነገር ምንድን ነው? ሳሙና አላነሣውም።

የጉሎ ዘይት ነው። የግሎው ሞተር ነዳጅ ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት ሲሆን በአሮጌዎቹ ሞተሮች ዘይቱ በአብዛኛው ጉሎ ነበር። ከማርሚታው ትኩስ ሆኖ ሲወጣ ገጹ ላይ ይተኛል፣ ከዓመታት በኋላም እንደ ቫርኒሽ ይጠጥራል። ምጣድ በጉሎ ሲታሰስ ያየ ሰው ያንን የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቅባት ያውቀዋል፤ ነገሩ አንድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቤንዚን ወይም የዚፖ ላይተር ነዳጅ በማንሣት ነው። የጉሎ ዘይት ከሌሎቹ ዘይቶች የሚለየው በአልኮል በደንብ ሲሟሟ በቤንዚን ዓይነት ፈሳሽ ግን እምቢ ማለቱ ነው። ከሜታኖል ጋር ተስማምቶ የሚቀላቀለውም በዚሁ ባሕርዩ ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ፊልም ከሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ወይም አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ተጠቀሙ። የጠጠረውን ቦታ በአልኮል በራሰ ሶፍት ሸፍናችሁ 5 ደቂቃ ተዉትና ጥረጉ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። ቢዩቲሬትም አልኮልን ይችላል፣ ግን አታሰንብቱበት። ናይትሬት ላይ አልኮል አይሞከርም፤ እዚያ ያላችሁ አማራጭ ሳሙናና ትዕግሥት ነው። የላይተር ነዳጅ የሚጠቅመው ከግሎው ፕላግ በፊት የነበሩት የቤንዚን ሞተሮች ለተፉት የማዕድን ዘይት ነው፤ የደረቀ ዶፕንም አይነካም።

ፊልሙ ረግቧል፣ ተጨማድዷል። በካውያ ይመለሳል?

አብዛኛውን ጊዜ አዎ። ቅደም ተከተሉን ካዛባችሁ ግን ይብስበታል። በመጀመሪያ ሁሉም ጠርዝ መያዙን አረጋግጡ። ጠርዙ ልቅ ሆኖ መሐሉን ካሞቃችሁት ፊልሙ ሲኮማተር ጠርዙን ስቦ ያወጣዋል፣ ከዚያም ለመመለስ የሚተርፍ ፊልም አይኖርም።

ሙቀቱን እወቁ። ኦራከቨር ሙጫው የሚለሰልሰው 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ፊልሙ በደንብ የሚኮማተረው 150 ገደማ ላይ ነው። ሞኖኮት ከዚህ ጠንከር ያለ ሙቀት ይፈልጋል። ሁለቱም ፖሊስተር ናቸው። ሶላርፊልም ግን ፖሊፕሮፒሊን ስለሆነ 160 አካባቢ ይቀልጣል፤ ለሞኖኮት ያሞቃችሁትን ካውያ ካስነካችሁት ዓይናችሁ እያየ ቀዳዳ ይከፈታል። የልብስ ካውያ መደወያ ቁጥር አይነግራችሁም፣ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትርም በሚያብለጨልጭ ብረት ላይ አሳንሶ ያነባል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ካውያው ሆድ ላይ አንድ ቁራጭ ማስኪንግ ቴፕ ለጥፉና የቴፑን ሙቀት ለኩ።

በሁለት ሪቦች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ክፍል ብንለው፣ ሥራው በአንድ ክፍል ይጀመር። ካውያውን በስስ የጥጥ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ከሚለጠፍበት ሙቀት ተነሥታችሁ በ10 ዲግሪ ከፍ እያደረጋችሁ ሳትጫኑ አሳልፉ። ከላይ አንድ ክፍል ስትወጥሩ ከታች ያለውንም ተከተሉ። አንዱን ወገን ብቻ ከወጠራችሁ ክንፉ እንደ ጠመዝማዛ ገመድ ይዞራል፣ እንዲህ የዞረ ክንፍ ደግሞ በበረራ ላይ አውሮፕላኑን ወደ አንድ ጎን ይጥለዋል። ሂት ገን፣ ማለትም ትኩስ አየር የሚነፋው መሣሪያ፣ ፈጣን ነው፣ ግን ሙቀቱ ወደ ጎን ስለሚፈስ የተለጠፈ ጠርዝ ይለቃል። ለትልቅ ክፍል ካልሆነ ካውያ ይሻላል።

ስወጥረው እንደ ከበሮ ይሆናል፤ በማግሥቱ ግን እንደገና ይረግባል። ለምን?

ክፍሉ አየር የማያስወጣ ሆኖ ነው። ስታሞቁት ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና ፊልሙን እንደ ፊኛ ይነፋዋል፤ ሲቀዘቅዝ የተለጠጠው ፊልም ተንጠልጥሎ ይቀራል። በእያንዳንዱ ክፍል የታችኛው ሽፋን ላይ በስፒል አንድ ቀዳዳ ብሱ፣ ከዚያ ድገሙት። ቀዳዳ እያለውም ከረገበ ግን ፊልሙ የመኮማተር አቅሙን ጨርሷል። ለሞኖኮትና ለኦራከቨር 170 ዲግሪ ላይ ሦስት አራት ጊዜ አሳልፋችሁ ካልተንቀሳቀሰ አታስገድዱት፤ የዚያን ክፍል ሽፋን ቀይሩ።

ጥቁርና ቀይ ፊልም ያለውን አውሮፕላን በመኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ መተው ራሱ ማርገቢያ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ይህን ሳታውቁት አትቀሩም።

የፊልሙ ጠርዝ ተነሥቷል። በሱፐር ግሉ ላያይዘው?

መጨረሻ ላይ እንጂ መጀመሪያ አይደለም። ጠርዝ የሚነሣው በአብዛኛው ከሥሩ ዘይት ስለገባ ነው፣ ዘይት ላይ ደግሞ ምንም አይለጠፍም። ጠርዙን በምላጭ ጀርባ ቀና አድርጉ፣ ከሥር ያለውን እንጨት በአልኮል በራሰ ጥጥ ጥረጉ፣ 10 ደቂቃ አድርቁና በካውያ መልሱ። እንቢ ካለ ብቻ ቀጭኑን ሱፐር ግሉ በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ አስገቡ፤ በጣት ሳይሆን በፕላስቲክ ቁራጭ ተጫኑት።

የተቀደደ ፊልም እንዴት ይጣፋል?

እራፊው ከቀዳዳው በየአቅጣጫው ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይብለጥ፤ ማዕዘኖቹም ክብ ይሁኑ፤ ሹል ማዕዘን ቀድሞ ይነሣል። አካባቢውን በአልኮል ጥረጉ፤ እራፊውን ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ በዝቅተኛው ሙቀት እየገፋችሁ ለጥፉ። ፊልም በፊልም ላይ ሲለጠፍ አየር መውጫ ስለማያገኝ ሙቀት ካበዛችሁ እንደ ቃጠሎ ውኃ የቋጠረ ፊኛ ያወጣል። ቀዳዳው ከክፍሉ ሲሶ በላይ ከሆነ መጣፉን ተዉት፤ የክፍሉን ሽፋን እስከ ሪቦቹ ቆርጣችሁ ሙሉውን ቀይሩ። ተደራራቢው ጠርዝ ወደ ኋላ ወይም ወደ ታች እንዲያይ አድርጉ፤ ወደ ፊት ካየ ነፋስና የማርሚታ ዘይት ይገቡበታል።

የቀለም ነገር ሌላ ራስ ምታት ነው። ፀሐይ ያደበዘዘው ቀይና አዲሱ ቀይ አይመሳሰሉም። ጥሩው ማምለጫ እራፊውን በሌላ ቀለም፣ እንደ ጌጥ መስመር አድርጎ መቁረጥና በሌላው ክንፍም ያንኑ መድገም ነው። የሚያይ ሰው እንደዚያ የተሠራ ይመስለዋል።

ወረቀቱ ላይ ቀዳዳ አለ። ሳላበላሽ እንዴት ልድፈነው?

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት። በመጀመሪያ በቀዳዳው ወደ ውስጥ ተመልከቱ፤ ወረቀት የሚቀደደው ብዙ ጊዜ ከሥሩ ሪብ ተሰብሮ ነውና። እንጨቱ ከተጠገነ በኋላ የቀዳዳውን የተበጣጠሰ ጠርዝ በአዲስ ምላጭ አስተካክሉ።

አዲሱ ወረቀት ነጭ፣ አሮጌው ግን ቢጫ ከሆነ ሻይ አፍሉ። ያለ ስኳር የተፈላና የቀዘቀዘ ሻይ ውስጥ ወረቀቱን ለአንድ ደቂቃ ነክራችሁ መስታወት ላይ ዘርግታችሁ አድርቁ፤ ቀለሙ ካነሰ ድገሙት። ሲደርቅ ከእርጥቡ ይልቅ ስለሚነጣ ፍርዳችሁ በደረቁ ላይ ይሁን። ዶፕ ሲቀባ ደግሞ ጥቂት ይጠቁራል።

ቃጫው በየት በኩል እንደሚሄድ ለማወቅ ከቁራጩ ጥግ ቅደዱ፤ ቀጥ ብሎ በሚቀደድበት አቅጣጫ ነው። ይህ አቅጣጫ በክንፉ ርዝመት ይሁን። እራፊውን በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር አስተርፋችሁ ቁረጡ። የቀዳዳውን ዙሪያ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በጣም በስሱ ዳብሱ፤ ሪብ ላይ ስትደርሱ አቁሙ፣ ምክንያቱም እዚያ ወረቀቱ በአንድ ምት ይበሳል። ዶፕና ቲነር እኩል ለእኩል ቀላቅላችሁ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ቀቡና ይድረቅ። እራፊውን በደረቁ አስቀምጡና በተደራረበው ጠርዝ ላይ ብቻ በብሩሽ ቲነር አሳልፉ፤ ቲነሩ በወረቀቱ ውስጥ አልፎ ከሥር ያለውን ዶፕ ያቀልጠዋል፣ እሱ ራሱ ይለጥፈዋል። መጨማደድ ካለ ቲነሩ ሳይተን በጣት ጫፍ ወደ ውጭ ሳቡት።

ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ እራፊው ላይ ብቻ ውሃ እንደ ጤዛ ርጩ። ሲደርቅ ይወጠራል። ከዚያ እኩል ለእኩል የቀጠነውን ዶፕ 2 ወይም 3 ጊዜ ቀቡ፤ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። በ30 ሚሊ ሊትር ዶፕ 3 ወይም 4 ጠብታ የጉሎ ዘይት ጨምሩበት። ዘይቱ ዶፑ ከመጠን በላይ እንዳይኮማተርና ቶሎ እንዳይሰባበር ያለዝበዋል፤ ካበዛችሁት ግን ገጹ ሁልጊዜ ያጣብቃል። እስኪደርቅ ድረስ ክንፉ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ በክብደት ተይዞ ይደር።

ዶፑ ሲደርቅ ነጭ ደመና መሰለ። ምን አጠፋሁ?

አየሩ እርጥብ ነበር። ቲነሩ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ ከአየሩ የሚመጣው እርጥበት ላዩ ላይ ጤዛ ይሆንና ሴሉሎሱን ያነጣዋል። አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ይህን ሥራ መሥራት ከዕድል ጋር መታገል ነው። ደረቅ ቀን ጠብቁና ነጩን ቦታ ሪታርደር በተጨመረበት ቲነር በስሱ ቀቡት፤ ሪታርደር ቲነሩ ቶሎ እንዳይተን ያዘገየዋል። አብዛኛውን ጊዜ ደመናው ይጠፋል።

ወረቀቱ ሲነካ ቋ እያለ ይሰነጠቃል። ወደ ቀድሞው ይመለሳል?

ወረቀቱ ወይም ሐሩ ራሱ ከበሰበሰ አይመለስም፤ የደረቀው ዶፑ ብቻ ከሆነ በከፊል ይመለሳል። ቲነር ውስጥ ከላይ በተባለው መጠን ጉሎ ጨምሩና አንድ ጊዜ ቀቡ፤ አሮጌው ዶፕ ለስልሶ ዘይቱን ይጠጣል። ፈሳሹ ክፍሉን ለጊዜው ያረግበዋል፣ አትደንግጡ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ይወጠራል። የቢጫውን ነገር ግን ተዉት፣ እሱ አይመለስም።

አዲስ ዶፕ ስትጨምሩ ደንቡ አንድ ነው፤ ቢዩቲሬት በናይትሬት ላይ ይቀባል፣ ናይትሬት በቢዩቲሬት ላይ አይቀባም፤ ይሰነጣጠቃል፣ ይላጣል። የታችኛው ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ቢዩቲሬት ምረጡ።

እንጨቱ ዘይት ጠጥቷል። አዲስ ሽፋን ይይዛል?

እንዲህ እንዳለ አይይዝም። የበቆሎ ስታርች በአልኮል እንደ ገንፎ አቡክታችሁ ቀቡት፤ አልኮሉ ዘይቱን ያወጣዋል፣ ስታርቹ ይመጠዋል። ሲደርቅ በብሩሽ ጥረጉ። ስታርቹ ነጭ ሆኖ እስኪረግፍ፣ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይፈጃል። አልኮሉ ሙሉ በሙሉ ሳይተን ሂት ገን አታቅርቡ። ባልሳው፣ ሞዴሉ የተሠራበት ቀላል እንጨት፣ በጥፍር ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ከገባ ግን መለወጥ ነው ያለው፤ ሙጫውም አብሮ ለቋል።

አሮጌውን ሽፋን ሙሉ በሙሉ ማንሣት ብፈልግስ?

ፊልም በሙቀት ይነሣል። በሂት ገን እያሞቃችሁ በራሱ ላይ መልሳችሁ በዝግታ ጎትቱ፤ በብርዱ ከሳባችሁት የባልሳውን ቆዳ ይዞ ይመጣል። የሚቀረውን ሙጫና ቀለም ጓንት አድርጋችሁ በአሴቶን ጥረጉ። ዶፕ የተቀባ ሐር ላይ በቲነር የራሰ ጨርቅ አስተኙ፣ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ 10 ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ ይላጣል። መስኮት ይከፈት፣ ከሰል ምድጃም ይራቅ፤ ናይትሬት ዶፕ እሳት ሲያገኝ ለማጥፋት ጊዜ አይሰጥም። ጨርቆቹን ጨፍልቃችሁ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉ፣ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዶፕ ከየት ላገኝ እችላለሁ?

ሰው በሻንጣ እንዲያመጣላችሁ አትጠይቁ፤ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ስለሆነ በመንገደኛ ሻንጣ ክልክል ነው። የቤት ዕቃ ሠሪዎች የሚረጩት የናይትሮሴሉሎስ ላኬር የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሆኖም እንደ ዶፕ አይኮማተርም። ስለዚህ ወረቀቱን በቀጠነ ነጭ የእንጨት ኮላ ለጥፋችሁ መጀመሪያ በውሃ ወጥሩት፣ ከዚያ ላኬሩን በቲነር አቅጥናችሁ ለማሸግ ብቻ ተጠቀሙበት። ሜታኖል ለሚጠጣ ሞተር ግን አይሆንም።

ሽፋኑን ብቀይረው ዋጋው ይቀንሳል?

ለመብረር የሚፈለግ ከሆነ አይቀንስም። በአሜሪካ የአሮጌ ሞዴል አብራሪዎች ማኅበር፣ ሳም፣ ከ1939 በፊት የተነደፉትን አንቲክ፣ ከ1943 በፊት የተነደፉትን ኦልድ ታይመር ይላቸዋል፤ መለኪያው ንድፉ የወጣበት ዘመን ነው እንጂ የሽፋኑ ዕድሜ አይደለም። ሠሪው የሚታወቅና በራሱ እጅ የተቀባ ሞዴል ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን አቧራውን አራግፉ፣ ቀዳዳውን ድፈኑ፣ ሌላውን አትንኩ። የድሮ ምልክትና ቁጥር የተለጠፈበትን ቦታ በምንም አሟሚ አትጥረጉ።

ታድሶ አለቀ። ሳላበርረው ምን ላረጋግጥ?

ክንፉን ከኋላ በሁለት ሜትር ርቀት ሆናችሁ ተመልከቱ፤ ሁለቱ ጫፎች እኩል መተኛት አለባቸው። አንዱ ከዞረ በተቃራኒው አቅጣጫ ጠምዝዛችሁ ይዛችሁ ፊልሙን እንደገና አሙቁ፤ ዶፕ ከሆነ በእንፋሎት አለስልሱትና እስኪቀዘቅዝ አትልቀቁት። ከዚያ የክብደት ማዕከሉን በንድፉ ላይ ካለው ምልክት ጋር አስተያዩ። ጭራው ላይ የተጨመረ 1 ግራም እራፊና ዶፕ አፍንጫው ላይ 2 ወይም 3 ግራም ማመጣጠኛ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ የጭራውን ወረቀት ከክንፉ በአንድ ቅብ አሳንሱት።